የሶፋው ቀዳዳ

እንዴት ነሽ ወዳጄ?

ያረፍኩት የሥነ ልቦና ሐኪሟ አክስቴ ዘንድ ነው። ታካሚዎቿ ተጋድመው የሚያወሩበት ሶፋ በግድግዳው በኩል ጨርቁ ተበልቶ ስፖንጁ ወጥቷል። «አይጥ ነው?» ብላት ሳቀች። «አፋቸው ‹ደህና ነኝ› ሲል ጣታቸው የቆፈረው ነው። ራሳቸው እንኳ አያውቁትም» አለችኝ።

ለቀልድ ተጋደምኩበት። «አባትህን ታስበዋለህ?» አለችኝ።

«ጥሎን ከሄደ ስንት ዓመቱ! እኔ እንደሆነ ረስቼዋለሁ» አልኳት። ልነሳ ስል ጣቶቼ ስፖንጁ ውስጥ ናቸው!

የአንቺ ሶፋ ትዝ አለኝ፤ እኔ በምቀመጥበት በኩል ያለው ቀዳዳ። ስንት ዓመት ሙሉ በድመትሽ ስናመካኝ ኖርን!

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ድመቷንም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቀዳዳውን ግን እንዳትሰፊው፤ ምን እየፈለግኩበት እንደነበር ስመጣ ልየው።