ነሲባን ያማራት ቂጣ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 1977

ልጄ ሷሊህ፣ በሄድክበት ሁሉ አላህ ቀድሞህ ይገኝ። እኛ አልሃምዱሊላህ፣ አለን።

ከሜክሲኮ አገር የላክኸውን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሱሌማን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በቦሎቄና በቃሪያ እንደምትበላ ስሰማ ደስ አለኝ። ለካ እህትህ ነሲባ ከጓዳ ሆና ትሰማ ኖሯል። እርጉዝ ናት፤ አማራት። እርጉዝ ያማራትን ካጣች ምን እንደሚከተል ታውቃለህ። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ እስከ ከላላ ገበያ ድረስ ብናፈላልግም በቆሎ የሚባል የለም። ትናንት ደም ታያት። ፈራሁ፣ ልጄ።

እባክህ ቶሎ ጻፍ። ቂጣው ይመራል፣ አይዋጥም በልልን፤ ምናልባት አምሮቱ ቢተዋት። ደብዳቤህ እስኪደርስ አላህ ያቆይልን። ውሸቱን በእኔ ይጻፈው። አንተ ግን ጠግበህ ብላ።

እናትህ ሀጀራ