ፍሪጅ ውስጥ የተውሽው ጭቃ

ለዶክተር ጭቃ፣ ለእህቴ ለሰብሊ፤

ዶክተርነቱን ዩኒቨርሲቲው ሳይቀድመኝ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አሁንማ እሱም አይሰጥሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን ዛሬም ያፈሳል፣ እኔም ዛሬም ሥራ የለኝም። አልጋሽን ወርሻለሁ፤ ካልተስማማሽ መጥተሽ አስለቅቂኝ።

የጻፍኩልሽ ስለ ጭቃሽ ነው። ከሐይቅ ሥር በቱቦ አውጥተሽ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ በላይ ስላስተኛሽው። ከዘጠነኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ስታስረጂ አይሰለችሽም ነበር። የታችኛው ጭቃ የጥንት ነው፣ የላይኛው የቅርብ። በየንብርብሩ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ የአልጌ ቅርፊት አለ፤ ድርቅ ሆኖ ሐይቁ ሲጎድልና ጨው ሲበዛበት አንዱ ዓይነት ይበዛል፣ ዝናብ ሲጠግብ ሌላው። እኔ ደግሞ፣ የጥንቱን ተይውና ነገ ይዘንብ እንደሆነ ንገሪኝ፣ ልብስ ላሰጣ ነው እልሻለሁ። ነጠላ ጫማሽ ይበርብኛል።

በቀደም አብራሽ ትሠራ የነበረችው ልጅ መጣች። የቀረችውን ጭቃ አንብባ ሥራሽን ልትጨርስልሽ፣ ስምሽንም ከላይ ልታደርግበት። እማዬ ሻሿን ቀይራ ጠበቀቻት። ፕላስቲኩ ሲፈታ ግን ላይና ታች የሌለው፣ የተቦካ ጭቃ ሆኖ ተገኘ።

የእማዬ ሥራ ነው። ታመሽ ሳለ ከኪዳነ ምሕረት ስትቀዳልሽ ከነበረው ጠበል የተረፈ ነበር። እሷን ባያተርፍልኝ የእጇን ሥራ ይጠብቅልኝ ብላ፣ በየሰንበቱ እየፈታች ጥቂት ጥቂት ስታጠጣው ከርማለች። ለልጅቷ የነገረቻትም ራሷ ናት፣ ደስ ብሏት። ልጅቷ አየችኝ። እኔም፣ እንዲህ ሲርስማ ይበልጥ ይነበባል አልኩ። ፈጠን ብላ፣ እጅዎ ይባረክ እማማ አለችና ታቅፋው ወጣች። በር ላይ ስሸኛት አለቀሰች። ከእንግዲህ ምንም አይነበብም፣ ሌላ የተረፈ ጭቃም የለም አለችኝ።

እማዬ አሁን ጠዋት ጠዋት፣ የሰብሊ ጭቃ ምን አለ ትለኛለች። አንድ ቀን ድርቅ አወራላታለሁ፣ አንድ ቀን ዝናብ። የትኛው ንጉሥ ዘመን ነው ስትለኝ ደስ ያለኝን እጠራላታለሁ። ስቀልድ ኖሬ ያመነችኝ አሁን ነው። አያስቅም፣ ሰብሊ።

መቃብርሽ ላይ የባህር ዛፉ ቅጠል ይረግፋል፣ ዝናቡ ደግሞ ቁልቁል ጠርጎ ይወስደዋል። የሚቆየው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀው ነው ያልሽኝን አልረሳሁም። እኔ መቼም የረጋሁ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን የምትቀሪበት ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ እይዝሻለሁ፤ የቱ ፊት፣ የቱ ኋላ እንደነበር ቢጠፋብኝም፣ ተቦክተሽም ቢሆን።

አልጋሽ ላይ የተኛው ወንድምሽ