ቁልፉ በእኔ ኪስ ነበር

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ቀለምወርቅ፣

ከአዲጋላ ሙቀት የተነሣው ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ እንዴት ናቸው? ልጆችሽ ማቲና ሩቲስ? ለቅሶውን በሩቅ ሆነሽ እንዴት ቻልሽው? እኔ በጤና በኩል አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ያልሆነው ሌላው ነው።

የአክስታችንን የለተማርያምን መርዶ ጎረቤቶችሽ በማለዳ እንዳረዱሽ ሰምቻለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናት ሆና ያሳደገችን እሷ ናትና ምን እንደተሰማሽ አላጣውም። እንዴት እንደተቀበረች ግን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው ብዬ፣ እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ።

የጽዋ ማኅበራችንን ታውቂዋለሽ። ወንዶቹ ጠበል ጠዲቅ ከመቅመሳችን ሌላ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር እናጥራለን፣ ለአቅመ ደካማ ውኃ እንቀዳለን፣ ሰው ሲሞት መቃብር እንቆፍራለን። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የጎረቤታችንን የዋርፋን ግድግዳ ሲጥለው መልሰን ያቆምነው እኛ ነን፤ እስላም ክርስቲያን አላልንም። ዶማው፣ አካፋው፣ ድጅኖው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ይቆለፋል። ቁልፉ የሚቀመጠው በማኅበሩ መሪ በሙሴው እጅ ነው፤ ሙሴው ደግሞ እኔው ነኝ።

በሚያዝያው ማኅበር ወልደሥላሴ በትሕትና፣ አንተ ለንግድህ ድሬዳዋ ስለምትመላለስ ቁልፉ እዚህ ከሚውል ሰው ዘንድ ቢቀመጥ አለኝ። ምን ነበረበት? እውነቱን እኮ ነው። እኔ ግን ሹመቴን ሊነጥቀኝ የተነሣ መሰለኝና ቱግ አልኩ። ይህ ቁልፍ ከእጄ የሚወጣው ስሞት ነው አልኩ፣ ያውም በጽዋው ፊት! ያለ እኔ ዕቃ ቤቱን የነካ ወዮለት ብዬም ጨመርኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግስቱ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ እስቲ ይለምኑኝ እያልኩ፣ ቲማቲም ላመጣ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ።

ለተማርያም ያረፈችው ልመለስ ባልኩበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ነው። የዚህን አገር ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ሬሳ አያሳድርም። በረፋዱ ባቡር ይደርሳል ብለው ጠበቁኝ፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። ወልደሥላሴ የዕቃ ቤቱን በር እንስበረው ቢል፣ ሌሎቹ አሥራት መጥቶ ጉድ ያፈላብናል ብለው ፈሩ። እትዬ፣ ያሳደገችኝ ሴት መቃብር የእኔ ቁጣ ተፈርቶ ሳይቆፈር ዋለ።

የደረሰላት ዋርፋ ነው። ሰው ሞቶ ቁልፍ ይጠበቃል ወይ ብሎ፣ የራሱን ድጅኖ ተሸክሞ፣ ወንድሙን ሀናድን አስከትሎ መጣ። ያን ድንጋያማ መሬት እየፈነቀሉ ቆፈሩት። የእኛዎቹ ደግሞ አፈሩን በሚስቱ በኤብላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየተቀባበሉ አወጡት። ቄሱም ፍትሐቱን አድርሰው ቀበሯት።

እኔ ቲማቲሜን ይዤ ከባቡር ስወርድ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። የሁሉም እጅ አፈር ነው። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቅርጫቴን ተቀብለው፣ አስቀምጠው አረዱኝ። ደረቴን እየደቃሁ ስወድቅ ስነሣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ይወጋኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለአክስቱ ነው የሚያለቅሰው ብለው አባበሉኝ፤ ግማሹ እንባ ግን የኀፍረት ነበር።

በሣልስቷ ዕለት ቁልፉን መሀላቸው አስቀምጬ፣ ለወደዳችሁት ስጡት አልኩ። እጁን የዘረጋ የለም። በመጨረሻ ወልደሥላሴ፣ ዋርፋ ዘንድ ይሁን፣ እሱ ከቤቱ አይጠፋም፣ ከማናችንም አልተጣላም አለ። ሁሉም እሺ አሉ። ማድረሱም ለእኔው ተሰጠኝ። ዋርፋ ተቀብሎ ከበሩ አጠገብ ካለችው ሚስማር ላይ ሰቀለውና፣ ወላሎ ወንድሜ፣ የእኔን ግድግዳስ በዚያው በማኅበሩ ዶማ አይደል ያቆማችሁት አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ሳልለው ያቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ለአርባዋ መምጣትሽ ካልቀረ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእኔ ቤት በፊት ዋርፋ ቤት ግቢና አመስግኚልኝ። እኔ በየቀኑ በዚያ በር አልፋለሁ፤ ቁልፉን ሳየው አንገቴን እደፋለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ አልጽፍልሽም። ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ።

ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። ማቲን በርታ በይው፣ ሩቲንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ወልደሥላሴ ነፍሷን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ ብሏል። ኤብላም አላህ ያጽናት በልልኝ ብላለች። ሳፋሽ በድንጋይ ተጎድቷል፣ አዲስ ልግዛልሽ ብላት፣ ለእናትህ የሆነ ሳፋ አይጣልም ብላ ከለከለችኝ።

ወንድምሽ አሥራት
አዲጋላ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፪ ዓ.ም.