የአንድ አባት ኤሊዎች

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ጤና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። ሁለቱን አትቀላቅይብኝ፤ እናታችን ደከመኝ ያላትን ሁሉ መድኃኒት ታጠጣ ነበር፣ አንቺም እሱን ወርሰሻል።

«ጋሼን ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ባሌ ብቻ ሳይሆኑ ላንቺ አባት ናቸው» ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። ያስተማሩኝም ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው መሆናቸውን አልረሳሁም። ብረሳም አይተዉኝ፤ እስክንጣላ ድረስ በየምሳው ያነሱልኝ ነበር። ግን በምን እንደተጣላን ከእኔ አፍ ስሚው።

የማራቢያ ጣቢያችን ኩሬ ውስጥ ያንን ትልቅ ወንድ ኤሊ ታውቂዋለሽ፤ ዘበኛው «ሊቀመንበሩ» የሚለውን። ሌሎቹን ወንዶች እየነከሰ ሲያስቸግር ጋሼ እነሱን በአጥር ለይተው እሱን ብቻውን ከሴቶቹ ጋር ተዉት። ለጎብኚ ያምራል፣ ፎቶ ይወጣለታል። ከየግልገሉ ጅራት ሥር ጠብታ ደም ወስጄ ዘረመላቸውን ሳየው ሁሉም የሊቀመንበሩ ልጆች ናቸው። ጋሼ እንደ ኃላፊ የፈረሙበት የጣቢያው ሪፖርት ግን «ከብዙ አባቶች የተገኙ» ይላል። ወንዙ ውስጥ የቀሩት ኤሊዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህን በገፍ ከለቀቅንባቸው ነገ ወንድም ከእህቱ ይገናኛል፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም፣ ቢፈለፈልም ግልገሉ አይበረታም። ወንዙን ሞላን ብለን ዘሩን እናጠፋዋለን።

ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ኤሊ እንደ ሰው ሰባት ቤት አይቆጥርም» አሉኝ።

«ኤሊው ባይቆጥር እንቁላሉ ይቆጥራል» አልኳቸው። ዘበኛው ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ተነሱና ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ናሙናዎቹን አደባልቃለች አሉ። በምን አወቁ ሲባሉ «ራሷ ናት ያለችው» ብለው ቃሌን አንድም ሳያጎድሉ ጠቀሱት፦ «ከድካሜ የተነሳ የየትኛውን ኤሊ ደም በየትኛው ብልቃጥ እንደጨመርኩ እንጃልኝ፤ ኤሊዎቹ እንደሆኑ አይከሱኝ።» አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ቀልዴ ነበር እትዬ፣ የደከመ ሰው ቀልድ። በሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የጻፍኩት።

ያን ዕለት ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። አላለቀስኩም። ጣሪያው ላይ ውሃ የተወውን እድፍ እያየሁ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ። እናንተ ቤት ራት ላይ በጨዋታ መሃል አምልጦ ይሆናል። ምስኪን፣ ደከማት ተብሎ፣ ታዝኖልኝም ይሆናል።

አሁን ተሳስቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ ቦታዬ ይጠበቅልኛል፤ ካልፈረምኩ ልሰናበት ነው። አልፈርምም። ያስተማሩኝ እንዳጣራ ነው፤ አጣራሁ። የእኛ ሥራ ወግ አለው፦ ደሙ እንደተቀዳ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ የማን እንደሆነ ሳይጻፍበት፣ በቁጥር ብቻ፣ ለማያውቁን ሰዎች ላቦራቶሪ ይላካል። እንደ እኔ ያለ የደከመ ሰው ቢሳሳት እንዲታወቅ ነው። መልሳቸው ትናንት መጣ። ከእኔው ጋር አንድ ነው።

ሰኞ ለቦርዱ አቀርበዋለሁ። ጋሼን ሰው ፊት ያዋርዳቸዋል፣ አውቃለሁ። ያንቺም ቤት ሰላም አያድርም። ጉልበቴን የሚጨርሰው ይኼኛው ነው፤ ከሥራ መባረሩስ እዳው ገብስ ነው። ከሰኞ በፊት ግልገሎቹን ወንዝ መልቀቁን በገዛ አፋቸው ካስቀሩት ግን ግኝቱ በእሳቸው ስም ቢጠራ ቅር አይለኝም። ኤሊዎቹ ይትረፉ እንጂ የማንም ስም ይጻፍበት። ይህን እኔ እንዳልነግራቸው ቢሯቸው አያስገቡኝም፣ ስልኬንም አያነሱም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ራት ላይ አንብቢላቸው። ቀልድ አልጨመርኩበትም።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ያቁምልሽ፤ ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

የሆነው ቢሆን እህትሽ የሆንኩ፣
ታናሽሽ