ካርድ ክፍሉ ውስጥ አልጭንም ያልኩት ፕሮግራም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ፣ ለሆዴ፣

ደህና ነሽልኝ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽን ብቻ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ያስቸግረዋል። ዛሬ ጉራዬን ልነዛብሽ ነው፤ ታገሺኝ።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒካችን የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም በአዲስ ሊቀይር ነበር። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው መጫኛ ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። ካወረደበት ገጽ ላይ የማረጋገጫ ቁጥሩንም በወረቀት ገልብጦታል፤ ያ አንቺ «የፋይሉ አሻራ» የምትይው፣ ፊደልና አኃዝ የተደባለቀበት ረጅም ነገር። ፋይሉ ትንሽ እንኳ ከተነካካ ቁጥሩ እንደሚለወጥ በስልክ ስታስረጂኝ ሦስቴ አስደግሜሽ አልነበር? እንዳስተማርሽኝ በኮምፒውተሩ አስልቼ፣ ስልሳ አራቱንም ፊደልና አኃዝ በጣቴ እየተከተልኩ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ። ልክክ አለ።

«በቃ ጫኚው!» አለ ኃላፊያችን። ኮሪደሩ በታካሚ ተሞልቷል።

እጄ ግን እምቢ አለኝ። «እማ፣ ቁጥሩን ፋይሉ ከመጣበት ቦታ እንዳትወስጂ፤ ፋይሉን ያበላሸ ሰው ቁጥሩንም ይጽፈዋል» ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ከውላችን ላይ የፕሮግራሙን ሠሪዎች አድራሻ አይቼ የራሳቸውን ገጽ ከፈትኩ። እዚያ ያለው ቁጥር ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ ሌላ ነው!

«አልጭንም» አልኩ።

«ሴትዮ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው! አንቺ ከባለሙያው በለጥሽ?»

«አልበለጥኩም ጌታዬ። ግን የዚህ ሁሉ ሰው ሕመም ተጽፎ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። በእኔ እጅ አይጫንም።»

አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። ከወንበሬ ግን አልተነሳሁም። ባለሙያው ራሱ ጠጋ ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ሲያይ ላብ በላብ ሆነ። ወዲያው ለሠሪዎቹ ደወለ። «ያ ገጽ የእኛ አይደለም፤ ፋይሉን እንዳትከፍቱት!» አሉት። ትክክለኛውን ከእነሱ አውርደን፣ አሻራው ገጥሞ፣ ከምሳ በፊት ጫንኩት። ያንኑ የውሸት ፋይል የጫነ ሌላ ክሊኒክ ካርዶቹ በሙሉ ተቆልፈውበት፣ በሽተኛውን እንደ አዲስ «ስምዎ ማን ነው?» እያለ ነው አሉ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ሁላችንንም ሰብስቦ «ከእንግዲህ እሷ ሳታየው ምንም ነገር አይጫንም» አለ። ማን አስተማረሽ ቢሉኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ «ልጄ ናታ!» አልኩ።

አባትሽ ስነግረው ተነስቶ ሬዲዮውን ከፈተ። ሕክምናውን ትተሽ ኮምፒውተር ከተማርሽ ወዲህ ያንቺ ነገር ሲነሳ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እሁድ ዕለት ግን በር ላይ ለጎረቤታችን «ልጄ እኮ ናት! እዚያ ማዶ ሆና ክሊኒኩን አዳነችው» ሲል ደረስኩበት። እኔን ሲያይ ሳል ሳል አለው።

የያዝሽው ሁሉ ይቃናልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ። ጤናሽን አደራ።

እናትሽ

ልዘጋው ስል አባትሽ ፖስታውን ከእጄ ወስዶ «አድራሻዋን እኔ ልጻፈው» አለኝ። የቤት ቁጥርሽን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ጽፎ ጨርሶታል።