በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ስላረፉት አርባ አንድ ሰዎች

ለመካነ ሰማዕት ቅድስት ኢየሉጣ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት
ኦክላንድ

ቀን፦ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጓሮው አስፋልት እንዳይለብስ ለሁለተኛ ጊዜ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች ዕፀገነት ደምሴ የደብሩ አባል ስሆን፣ ነዋሪነቴ ሳን ሆዜ፣ ሥራዬም አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። ነሐሴ 6 ቀን ላስገባሁት ማመልከቻ ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው እንደማይለወጥ መልስ ተሰጥቶኛል። ውሳኔውን አከብራለሁ። ሆኖም በጉባኤው ያልተነገረ ነገር ስላለ እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

2. ዛሬ የእኛ የሆነው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1891 የተሠራ የኤፒስኮፓል (የአንግሊካን ወገን) ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኋላ ዘመን ምእመናኑ አብዛኞቹ በባቡር ሥራ የሚተዳደሩ ጥቁር አሜሪካውያንና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ከሱዳን በስደት ስንመጣ ስፖንሰር ያደረጉን እነሱ ናቸው። እኔን ከኤርፖርት የተቀበሉኝ ሚስ ሎሬይን ይባላሉ፤ አባታቸው የባቡር አስተናጋጅ ነበሩ። ስሜ አልያዝ ቢላቸው «ገነት» ብለው አሳጠሩት። ካህን ያገኘን ጊዜም ምድር ቤቱን ለቀቁልን፤ የዓርብ የመዝሙር ልምምዳቸውን ለእኛ ሲሉ ወደ ረቡዕ አዛወሩ። እንዲህ ሆነን ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን።

3. ምእመናኑ እያረጁ፣ ልጆቻቸውም ኑሮ ወደሚቀልበት ከተማ እየሄዱ ሰባት ሰው ብቻ ሲቀር፣ ሀገረ ስብከታቸው ቤቱን ዘጋ፤ እኛም ገዛነው። ቁልፉን ለአስተዳዳሪያችን ያስረከቡት ሚስ ሎሬይን ናቸው። እኛ እልል ስንል እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡልን። «ጓሮውን ብቻ እንዳለ ተዉልኝ» ሲሉ፣ የያኔው ሊቀመንበራችን አቶ ጋሻው «እሱን ለእኔ ይተዉት» ብለው እጃቸውን ጨበጡ። ቆሜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። አቶ ጋሻው ዐርፈዋል፤ በውሉ ላይም ስለ ጓሮው አንድ ቃል የለም።

4. በጓሮው የጽጌረዳ ተክል ሥር አስከሬናቸው ተቃጥሎ የተቀበረ የአርባ አንድ ሰው አመድ አለ። የሚስ ሎሬይን ባለቤት ሚስተር ክላረንስም እዚያ ናቸው። በእነሱ ሥርዓት አመዱ በሣጥን ሳይሆን በቀጥታ ከአፈሩ ጋር ስለተቀላቀለ፣ በመልሳችሁ «ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ» የተባለው ሊፈጸም አይችልም። የሚነሣ ነገር የለም።

5. የመኪና ማቆሚያውን ችግር አልክድም፤ ጎረቤቶች በየእሑዱ ፖሊስ ይጠሩብናል። በሰኔው ጉባኤ «የኋላው ባዶ ቦታ ፓርኪንግ ይሁን» ሲባል እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ባዶ ቦታ የተባለው ያ መሆኑን አላስተዋልኩም፤ ማስተዋል ነበረብኝ። ለቀድሞው ሀገረ ስብከት ስደውል መብቱ ከንብረቱ ጋር ተላልፏል አሉኝ። ልጄ ሲና ለከተማው በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ፤ ቅርስ የተባለው ሕንፃው እንጂ ጓሮው አይደለም ተባልን። ከእናንተ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

6. ባለፈው ሐሙስ ጽጌረዳዎቹ ተነቅለዋል። ሚስ ሎሬይን አሁን ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የምንከባከባቸውም እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዊልቸር ወደ ጓሮው አመጣቸው ነበር። በዚህኛው እሑድ ግን መኪናዬ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋቸው። «ግድ የለም ገነት፣ ክላረንስ የትም አይሄድም» አሉኝ።

ስለዚህ ሰኞ መስከረም 20 ቀን አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት፣ ጽጌረዳዎቹ በነበሩበት በግንቡ ጥግ የሁለት መኪና ስፋት ያህል መሬት እንድትተርፍ እጠይቃለሁ። ይህ ካልተቻለ እሑድ ሚስ ሎሬይንን አምጥቼ፣ ቤተ መቅደስ ሳይገቡ፣ ከቄሳቸው ጋር አፈሩ ላይ እንዲጸልዩ ይፈቀድልኝ። ይህም ከሥርዓታችን ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ ከጉባኤው አንድ ሰው ተመድቦ የሆነውን እንዲነግራቸው በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ልነግራቸው ሦስት ቀን ቤታቸው ሄጄ፣ ሦስቱንም ቀን ምሳቸውን አብልቼ ተመልሻለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ዕፀገነት ደምሴ
(ፊርማ)