የጋሽ ሞላ ምላሽ

ሰኞ

ዛሬም ጽፈዋል፤ ስለዚያው ጉድጓድ። ሞላ የሚባሉ ሰው ናቸው። በወረዳችን ገጽ ላይ ስለ ችግኝ ብለጥፍ፣ ስለ መታወቂያ ብለጥፍ፣ ከሥሩ የእሳቸው አስተያየት አይጠፋም። «ወደ ዘነበወርቅ መሄጃ፣ ፌርማታው አጠገብ ያለው ማንሆል ክዳን የለውም። ውሃ ሲሞላው አይታይም። ባለቤቴ ዓይኗ ደካማ ነው።» አራት ነጥቡ ሳይቀር በቦታው ነው።

እኔም እንደ ሁልጊዜው «መልእክትዎ ደርሶናል። ምላሽ ተሰጥቷል» ብዬ ለጠፍኩ። ይህችን ነገር ስልኬ ላይ ቀድቼ ይዣታለሁ፤ ለሁሉም እሷኑ ነው። ከዚያ ሪፖርቱ ቅጽ ላይ «ምላሽ የተሰጠው» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ለመንገድ ክፍሉ የጻፍኩት ደብዳቤ የት እንደገባ አላውቅም።

ደክሞኛል። የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩ ሰሞን ሕዝቡን ከመሥሪያ ቤቱ የማገናኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሠራተኛው ሁሉ ላይክና ሼር ማድረጉን እቆጥራለሁ። የጽዳቷ አበባ እንኳ ስልኳን አምጥታ «እስቲ የኔንም አድርጊልኝ» ትለኛለች።

ማክሰኞ

ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ አጥቼ አርፍጄ ገባሁ፤ ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም።

ነገ የሚለጠፉ፦ የደም ልገሳ። የስብሰባ ጥሪ። የኃላፊያችን ንግግር (ፎቶው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሌላ ይፈለግ)።

ኃላፊያችን አቶ ደረጀ በር ላይ ሆነው «ሰብለ፣ ዓርብ ሪፖርት ይላካል። ምላሽ ያልተሰጠው ዜሮ ይሁን» አሉኝ። እኔም ዜሮ፣ ሌላውም ወረዳ ዜሮ። ማን ያነበዋል?

ረቡዕ

ሰውየው መጡ! በአካል። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም፤ ረጅም ናቸው፣ ኮታቸው በዝናብ ርሷል። የመታወቂያቸውን ኮፒ ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ምላሼን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

አልገባኝም። ስልካቸውን አውጥተው የራሴን ጽሑፍ አሳዩኝ። «ተሰጥቷል ይላል። እኔ ግን አልተቀበልኩም። ለሌላ ሞላ ሰጥታችሁት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ለካ ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። በእሳቸው ጊዜ ምላሽ ተሰጥቷል ከተባለ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወጥቷል፣ ባለጉዳዩም ፈርሞ ወስዷል ማለት ነው። እኛ መዝገብ ቤት ሄደው፣ የለም ተብለው ነው እኔ ጋ የተላኩት።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። «ጋሼ፣ ለእርስዎ የወጣ ደብዳቤ እንኳ የለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው የተሰጠው?»

ተቆጥተው አይደለም፤ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው ነው። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። እንደነገሩኝ፣ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ትናንት በዝናቡ አንድ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መንገደኛ ነው ያወጣቸው። አልተሰበሩም። ግን ፈርተው ከቤት አልወጣም ብለዋል፤ የዛሬውን የዓይን ሕክምና ቀጠሮም ቀርተዋል።

ሐሙስ

ጋሽ ሞላ ዛሬ ምንም አልጻፉም። ይሄ ከመጻፋቸው ይልቅ ከበደኝ። መንገድ ክፍል ሦስት ጊዜ ደወልኩ። «በዕቅድ ተይዟል።»

ከሥራ ስወጣ ፌርማታው ጋ ወረድኩ። የሚታየው ውሃ ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀይ ፌስታል የታሰረበት እንጨት ተተክሏል። ሱቅ ያለው ሰው «የጋሽ ሞላ ነው፤ ሲወድቅ መጥተው ያቆሙታል» አለኝ።

ዓርብ

ምላሽ ያልተሰጠው፦ አንድ።

ለማንም ሳላሳይ ላክሁት። ድፍረት አይደለም። ደክሞኛል፤ መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

አቶ ደረጀ በኋላ አይተውት መጡ። «ለአንድ ጉድጓድ ብለሽ እኛን ታሰድቢናለሽ?»

«ክዳኑ ይምጣና ዜሮ አደርገዋለሁ» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ሰኞ እንነጋገራለን» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ

ጠዋት አቶ ደረጀ ደወሉ። አለቀልኝ ብዬ ነበር ያነሳሁት። ለካ ከበላይ ተደውሎ «ይቺ አንድ ምንድን ናት?» ተብለዋል። ከዚያ ሁሉ ዜሮ መሃል ዓይን ውስጥ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ክዳኑ በመኪና እየመጣ ስለሆነ ካሜራ ይዘሽ ድረሺ አሉኝ።

ደረስኩ። ሦስት ሠራተኞች ተጋግዘው የሲሚንቶ ክዳኑን ገጠሙት። አቶ ደረጀ በጣታቸው እያመለከቱ ፎቶ ተነሱ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ብርቄ በባላቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። በጫማቸው ጫፍ ክዳኑን መታ መታ አደረጉና «ይኸው ነው?» ብለው ተሻገሩ። ያንን አላነሳሁትም። ቆሜ አየሁ።

እሑድ

ከትናንቱ ፎቶ ሥር እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ምላሼን ቅዳሜ ዕለት በአካል ተረክቤአለሁ። ሞላ። ፊርማ።» ፊርማ የምትለዋን በፊደል ጽፈዋታል። ብቻዬን ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ።

እጄ ለምዶበት ያችኑ ለጠፍኩ፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። ምላሽ ተሰጥቷል።» ላጠፋት ስል ደግሜ አነበብኳት። እውነት ናት። ተውኳት።

ነገ ሰኞ ነው፤ አቶ ደረጀ እንነጋገራለን ያሉት አልተረሳኝም። ደግሞ ከጋሽ ሞላ በታች አንዲት ሴት ጽፋለች፦ «የእኛስ ሰፈር መብራት? የት መጥቼ ልፈርም?»

ለእሷ እስካሁን ምንም አልለጠፍኩም።